ያልሰማሁት ሃምሳ ደቂቃ

ይህን ታሪክ አስቀድመው የነገሩኝ ታላቅ እኅቴ ማኑሲው ናቸው። አይደለም፤ ገና በመጀመሪያው መስመር ተሳሳትሁ፤ ላርመው። አስቀድመው የነገሩት ለእኔ ሳይሆን ለባሕሩ ነው። በነሐሴ ወር አንድ ማለዳ፣ ከሟች ባላቸው በወረሱት ጀልባ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ሰው አይሰማኝም ብለው የተናገሩት ነው፤ እኔ ሁለተኛ ሰሚ ነኝ፣ ያውም ዘግይቼ፣ ያውም መጀመሪያ ጆሮዬን ደፍኜ።

ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ የሌሊቱ ብቻ አይደለም፣ ከምሳ በኋላ የምትወስደኝ ያቺ አጭር ሸለብታ እንኳ ከድታኛለች። አሁን ረቡዕ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ በስደት በምኖርባት በታውራንጋ ወደብ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ አብረውኝ በግቢው የሚኖሩት ሰዎች የኪዊ ፍሬ ሐረግ ሊከረክሙ ሄደዋል፤ እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በገዛ እጄ የሞላሁትን ቅጽ አያለሁ። ቅጹ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ሁለት ሳጥን ብቻ አለው፤ «ድምፅ አለ» እና «ድምፅ የለም»። ይህ አገር ለሁሉም ነገር ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ ስገባም እንዲሁ ነበር፤ ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው ብለው ጠየቁኝ፣ ለጊዜው በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። በዚህኛው ቅጽ ላይ ደግሞ ከአሥራ አራተኛው ደቂቃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው «ድምፅ የለም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ምልክት አድርጌአለሁ። ምልክቶቹ እኩል ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ የመምህር እጅ ያረፈባቸው። ሐሰት መሆናቸውን የሚያጋልጠውም ይኸው ማማራቸው ነው፤ እያዳመጠ የሚጽፍ ሰው ጽሕፈቱ ይዛነፋል።

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ማኑሲው በትውልድ አገሬ፣ በቫቫኡ ደሴቶቻችን መካከል ጀልባቸውን አቁመው በረጅም ሽቦ የታሰረ ማይክሮፎን ወደ ጥልቁ ይለቃሉ፤ እሳቸው «የባሕር ጆሮ» ይሉታል፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ከደቡቡ በረዶ ሸሽተው ሊወልዱና ሊዛመዱ ወደ እኛ ሲመጡ ወንዱ የሚዘፍነውን ይቀዳሉ፤ ቅጂው ለእኔ ይደርሰኛል፤ እኔ ማዳመጫ ደፍቼ የቱ ማቃሰት እንደሆነ፣ የቱ ዘይት እንደናፈቀው የበር ማጠፊያ ሲጢጥ እንደሚል፣ የትኛው ስንኝ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ በደቂቃና በሴኮንድ እመዘግባለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ጡረታ ወጥቶ ምን ይሥራ? አጎታችን ታኒየላ ይህን ማሽን ሳያዩ ሞቱ። እሳቸው የመቅዘፊያውን ምላስ ውኃ ውስጥ ይነክሩና እጀታውን መንጋጋቸው ላይ ያስደግፉ ነበር፤ ዘፈኑ በእንጨቱ ሽቅብ ወጥቶ ጥርሳቸው ውስጥ ይገባል። እኔ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ከእሳቸው መንጋጋ የእኔ በለጠ፤ በጀልባው አፍንጫ ላይ ያስቀምጡኝና «ወዴት ነው?» ይላሉ፤ በጣቴ አሳያለሁ። አንድ ቀን ወደ ጣቴ ሄድን። ከዘፋኙ አጠገብ እናትና ግልገል ነበሩ፤ በጦር መጀመሪያ ግልገሉን ወጉት፣ እናቲቱ ጥላው እንደማትሄድ ያውቃሉና። ሥጋውን መንደሩ ሁሉ በላ፤ እኔም በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር፣ አልዋሽም። የአገራችን ንጉሥ አደኑን የከለከሉት ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። ያ ጣት ግን አብሮኝ አለ፤ በቅጹ ላይ ምልክት የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ስሜን ጠርቶ «ፔኒ፣ ሃምሳ ምልክት ምን አላት?» እንዳይለኝ።

ማሽኑ ሁለት ጆሮ አለው። አንዱ ውኃ ውስጥ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ጀልባው ላይ ሆኖ ቀኑንና ቦታውን ለመንገር ነው፤ ማኑሲው ነግረው ሲጨርሱ ይዘጉታል። ያን ዕለት ረሱት። «ማክሰኞ፣ ደቡቡ ሰርጥ፣ ነፋስ የለም፣ የምናገረው ማኑሲው» አሉ፤ ከዚያ አሥራ ሦስት ደቂቃ ሙሉ የውኃ ሹክሹክታ ብቻ፤ እኔም በደስታ «ድምፅ የለም፣ ድምፅ የለም» እያልሁ አሥራ ሦስት እውነተኛ ምልክት አኖርሁ። ድንገት ድምፃቸው ይመጣል፤ «ኧረ ይሄ ቀሚስ እንዴት ረጥቧል! ላውልቀው እንጂ፤ ከእናንተ በቀር ማን ያየኛል?» ይላሉ ለዓሣ ነባሪዎቹ፤ እኔ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ደግሞ «ያ ሰውዬ ትናንት እንደገና ጠየቀኝ» ይላሉ። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ መንጭቄ አልጋው ላይ ወረወርሁት፤ ማዳመጫው አልጋው ላይ ሆኖ እንደ ንብ ሲያንሾካሹክ ሰማሁና በትራስ ከደንሁት።

እዚህ አገር ይህን ማን ይረዳልኛል? እኛ ዘንድ ወንድም የእኅቱን የገላ ነገር አይሰማም፤ የልቧን ነገርማ ጨርሶ። አካለ መጠን ከደረስን ወዲህ ከእሳቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አድረን አናውቅም። ኔያፉ ከተማ ሲኒማ የገባን ጊዜ ሸራው ላይ ሰዎች ሲሳሳሙ እሳቸው በቀኙ በር፣ እኔ በግራው በር ወጣን፤ ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ሁለታችንም እስከ ዛሬ አናውቅም። በአባታችን ቤት እኅት ከወንድም ትበልጣለች፤ ለእሳቸው ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ፣ በስልክም ቢሆን እነሣለሁ። ስለዚህ ትራሱን አላነሣሁም። ቅጹ ግን መሞላት ነበረበት፤ «አልሰማሁም» የሚል ሳጥን ደግሞ የለም። አሥራ ሦስት ደቂቃ ዝም ያለ ባሕር ሃምሳ ደቂቃም ዝም ይላል ብዬ ገመትሁ። ገመትሁ! ተማሪ ሲገምት ከሰሌዳው ፊት አቁሜ «ሥራህን አሳየኝ» የምል የነበርሁ ሰው።

በዚያ ወቅት ነፋሱ አላስቀመጠንም፤ ከደቡቡ ሰርጥ ውስጥ የተቀዳው ያ አንድ ማለዳ ብቻ ነው። አንድ የመርከብ ኩባንያ ደግሞ ትልልቆቹን የሽርሽር መርከቦች በዚያ ሰርጥ ለማሳለፍ ጠይቆ ነበር፤ በዙሪያው ከመሄድ ግማሽ ቀን ያተርፍለታል። መርማሪ ጉባኤው ዓሣ ነባሪዎች ይዘፍኑበታል ወይስ አይዘፍኑበትም ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ ከእኔ ቅጽ ተወሰደ። ይህን የሰማሁት ሰኞ ነው፣ ማኑሲው ሲደውሉ።

«መምህር!» አሉ። መምህር ካሉኝ ተቆጥተዋል፤ ሲደሰቱ ፔኒ ነኝ፤ ፔኒሲማኒ ብሎ ሙሉውን የሚጠራኝ ባንኩ ብቻ ነው።

«አቤት እትዬ።» ተነሣሁ።

«ጆሮህን ምን ነካው? አረጀ?»

«ምነው እትዬ?»

«ሰርጡ ባዶ ነው ብለሃል አሉ። በአዳራሹ በር ላይ ለጥፈውታል፣ ስምህ ከታች አለ፤ ሐሙስ ጉባኤው ተቀምጦ መርከቦቹን ሊያሳልፍ ነው። የጀልባዬ ወለል እንደ ከበሮ ሲመታ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ ሲዘፍኑ የነበሩት እነማን ናቸው? ወይስ እኔ የአሳማዎቼን ማንኮራፋት ነው ቀድቼ የላክሁልህ?»

«እትዬ፣ እኔ…»

«አንተ ምን?»

ምን ልበል? ቀሚስዎን ሰምቼ ልበል? «አየዋለሁ» አልሁ። እሳቸውም «እይማ! ማየት እንኳ ባትችል ስማ!» ብለው ዘጉት፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቆሜአለሁ።

ማክሰኞ ለሮዊና ነገርኋት። ሮዊና የማዳመጫው ቢሮ ኃላፊ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ በዓሣ ነባሪ እውቀት ግን አስተማሪዬ ናት፤ ዘፈኑ ከአውስትራሊያ ዳርቻ ተነሥቶ በየዓመቱ ከአፍ ወደ አፍ እያለ ወደ ምሥራቅ እንደሚሄድ፣ ወደ ምዕራብ ሲመለስ ግን ያየው እንደሌለ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን ባስተማረችኝ ቀን ያሰብሁት፣ እኔ ከደሴቶቻችን ወደዚህ ስመጣ እሱ ወደዚያ ሲሄድ፣ እኔና ዘፈኑ በመንገድ ላይ ተላለፍን ማለት ነው የሚል ነበር። የቀሚሱን ነገር አልነገርኋትም፤ እኅቴ በግል ይናገሩ ስለነበር አላዳመጥሁም፣ ግን ሞላሁት አልኋት። 

«ፔኒ፣ ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ገና።»

«እንግዲያው አትናገር። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር እንላለን። አያያዙ ላይ ችግር ነበረ፣ ቅጂው አይታመንም እንላለን፤ ውሳኔው ይራዘማል።»

«የማን አያያዝ?»

«ማለቴ… ማንንም አንጠራም።»

«ማሽኑን የሚይዙት አንድ ሰው ናቸው፣ ልጄ።»

«ስማኝ፤ አንዱን ገጽ ሳልሰማ ሞላሁ ካልህ የመርከብ ኩባንያው ጠበቃ የሦስት ዓመቱን መዝገብ ይጥለዋል። ያንተን ሥራ ሁሉ። ገባህ?»

ገብቶኛል። እኔ ራሴ እንዳልገባኝ ሆኜ ብቆይ ደስ ባለኝ። ቅጂውን እሷ ልታዳምጠው እንደምትችልም ገብቶኛል፤ ነገር ግን ለጉባኤው የሚቀርብ ቅጂ ሳይቆረጥ ነው የሚቀርበው፤ የእኅቴን ምስጢር የሰርጡ መንደር ሁሉ ሊሰማው ነው። እነሆ ሁለት ሳጥን፦ ወይ ዓሣ ነባሪዎቹን ዝም አሰኛለሁ፣ ወይ እኅቴን አደባባይ አወጣለሁ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ዛሬ ረቡዕ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሳለሁ፣ ለምን በእነሱ ሳጥን ውስጥ እንደምኖር ራሴን ጠየቅሁ። ሳጥን ከጎደለ መስመር ይሰመራል፤ ሦስተኛ ሳጥን በእጅ ይሳላል። በአባታችን ቤት የሚወስን ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም። በአገሬ ሰው ለክብር ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን የተሸመነ ምንጣፌን ታጠቅሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ፣ ቆሜም ደወልሁ።

«እትዬ፣ ያን ዕለት በጀልባው ላይ ሁለተኛው ጆሮ ክፍት ነበር።»

በስተጀርባቸው አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ሌላ ዶሮ ይመልስለታል።

«ምን ሰማህ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ስለ ቀሚሱ… እና አንዲት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ አወለቅሁት። ማዳመጫውን ማለቴ ነው! ማዳመጫውን!»

መጀመሪያ ያለቀሱ መሰለኝ። ይስቁ ነበር። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው እኅቴ እየተንፈቀፈቁ ስልኩ ከእጃቸው ሲወድቅና ሲያነሡት ሰማሁ።

«እና ለእኔ ክብር ስትል እነዚያን ሁሉ ፍጥረቶች በዝምታ ቀበርካቸው? አንተ ጅል! ሒሳብ ነው ያስተማርከው ወይስ እርሻ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማስተካከል ግን መስማት አለብኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጉባኤውም ይሰማል። እርስዎ እምቢ ካሉ ስሕተቴን ብቻ እናገራለሁ፤ ቅጂውን በእጄ አልሰጣቸውም፣ ይምጡና ይቀሙኝ።»

«ኧረ ጀግና!» አሉ። ሲቀጥሉ ድምፃቸው የአባታችን ነበር። «ስማ፤ እኅትህ ነኝ፤ ስማ ብያለሁ፣ ትሰማለህ። ጉባኤውም ይስማ፤ ቄሱም ይስማ፤ ያ ሰውዬም ይምጣና ይስማ፣ ፊት ለፊት ያልነገርሁትን ከዓሣ ነባሪ ጋር ተቀላቅሎ ይድረሰው። አንድ ነገር ብቻ፤ ስለ ሰማኸው ቃል እንዳትመልስልኝ። አንዲትም።»

«አልመልስም እትዬ።»

ማዳመጫውን ደፋሁ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ። ቀሚሱ አለፈ፤ አንገቴ ጋለ፣ ግን አላወለቅሁም። የመዘምራኑ መሪ ሰሚሲ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ጠይቋቸዋል፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለውታል። «ደግ ሰው ነው፤ ሲዘምር ግን ቅላጼው ያልቅበታል፣ እናንተ ትሻላላችሁ» ይሏቸዋል ለዓሣ ነባሪዎቹ። ከዚያ፤ «ወደሱ ቤት ብሄድ ለፔኒ በሩን ማን ይከፍትለታል? በየዓመቱ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ይላል። ባሌ ከሞተ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት የአባታችንን ትልቁን ቤት በየቅዳሜው ጠርጌአለሁ፤ ድንገት ቢደርስ በአንድ ጣሪያ እንዳንገናኝ ብዬ በጓሮ ጎጆ ውስጥ ተኝቻለሁ፤ ጎጆዋ ታፈስሳለች፣ ትልቁ ቤት ደረቅ ነው፤ ማንም አይተኛበትም።» በዚህ መካከል፣ በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ዘፈኑ ከሥር ይነሣል፤ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ሞተር፣ ከዚያ ያ ማጠፊያ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ረጅም ማቃሰት፤ ማኑሲው «እሺ፣ እሺ፣ እናንተ ተናገሩ» ብለው ዝም ይላሉ። ዓሣ ነባሪው እስከ ስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ ድረስ ዘፈነ። እኔ ጻፍሁ፤ ጽሕፈቴ ተዛነፈ፤ ወረቀቱ ረጥቧል፤ ዝናቡ ነው ብል ሐሰት እጨምራለሁ፣ ጣሪያዬ አያፈስስም። ማፍሰሱ እዚያ ነው።

ሁለት መዝገብ ነበረኝ ለካ። አንዱን በየዓመቱ በስልክ ነው የምሞላው፤ «በሚቀጥለው ዓመት እትዬ»፤ ምልክቱም ቀጥ ያለ፣ ያማረ።

ሐሙስ ዕለት ምንጣፌን ታጥቄ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆምሁ፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየኝ የኔያፉ አዳራሽ በሩ ድረስ ሞልቷል። ስሕተቴን ተናገርሁ፤ ቅጂው ሳይቆረጥ ተሰማ። ቀሚሱ ጋ ሲደርስ አዳራሹ ተናወጠ፤ ቄሱ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ማኑሲው በፊተኛው ወንበር እንደ ንግሥት አልተንቀሳቀሱም። ዘፈኑ ሲጀምር ግን ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሲያበቃ የኩባንያው ጠበቃ ተነሣ።

«አቶ ፔኒሲማኒ፣ አንዱን ሳይሰሙ ከሞሉ፣ ሌሎቹን ሳይሰሙ እንዳልሞሉ በምን እንመን?»

«በእኔ አይመኑ፤ ቅጂዎቹ አሉ፣ ያዳምጧቸው» አልሁ። «ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ይህን ስሕተት እርስዎ አላገኙትም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁልዎ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ደብተር አርሜአለሁ። ቀይ ቀለም ያለበት ደብተር አስፈርቶኝ አያውቅም፤ የሚያስፈራኝ አንድም እርማት የሌለበት ነው። እሱ የተኮረጀ ነው። እስቲ የኩባንያዎን ደብተር ያሳዩን፤ ስንት እርማት አለበት?»

ከኋላ አንድ ሰው «በለው መምህር!» አለ፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛ መታ። ሮዊና የፈራችው አልቀረም፤ የሦስት ዓመቱ መዝገቤ ሌላ አድማጭ እንደገና እስኪሰማው ድረስ ታገደ፣ ስሜም ከላዩ ተነሣ። መርከቦቹም በሰርጡ እንዳያልፉ ለሁለት ዓመት ታገዱ። አብረን ታገድን፤ ይሁን። መዝገቤን ይስሙት፤ ስሕተት ካገኙ ይደውሉልኝ፤ ቆሜ ነው የማነሣው።

ቅዳሜ ጠዋት ለማኑሲው ደወልሁ። ቃል እንዳልመልስ አዘውኛል፤ አልመለስሁም። የራሴን መዝገብ ግን ማረም የሚከለክለኝ የለም።

«እትዬ፣ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ያልሁዎት ስሕተት ነበር። አልመጣም። ለጥየቃ እመጣ ይሆናል፤ ለመኖር አልመጣም። እዚህ ደኅና ነኝ። ስደተኛ ሁሉ ማልቀስ አለበት ያለው ማን ነው? ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ዘፈን ይሂድ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ።»

ዶሮው ጮኸ። ሌላኛው መለሰ።

«ይህን ለመፍታት ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብህ?» አሉ በመጨረሻ። «ተማሪህ ብሆን ክፍል አልደግምም ነበር፤ ትምህርት ቤቱን ነበር የምቀይረው።»

«ትልቁ ቤት የእርስዎ ነው። የመኝታ ምንጣፍዎን ዛሬ ያስገቡ።»

«ዛሬ የመጥረጊያ ቀኔ ነው።»

«ዛሬ አይጥረጉ።»

መጥረጊያው ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ሰማሁ። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምንጣፌን ወደ ሌላ ሰው ቤት ባስገባስ?» አሉ።

የቆየው ልማድ እጄን ያዘው፤ ስልኩ ከጆሮዬ አንድ ስንዝር ራቀ። አየሁት። መልሼ አስጠጋሁት።

«ፔኒ? ሰማኸኝ ወይስ አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

ይህን ጽፌ የጨረስሁት በዚያው ቅዳሜ ነው፤ ያ ቤት ሳይጠረግ በዋለበት በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በቀለም፣ ስርዝ ድልዙን ሳላጠፋ።